መርፌው የሳተው

ለምወድህ ታናሹ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የባሕሩ ንፋስ ጆሮህን እንደማይምር አውቃለሁና ኮፍያህን አትጣል። እኔ ጉልበቴ ሲቀር ደህና ነኝ። ውሻው ደህና ነው። በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ ወረደ፤ ጎረቤታችን በየጠዋቱ መንገዱን ይጠርግልኛል። የአንተን ደህንነት ግን ለወጉ ያህል ጠይቄ የማልፈው አይደለም። ደህና ነህ ወይ? ፊደሉ ቢጣመምብህ አትሳቅብኝ።

እንደምታውቀው የተማርኩት በመንደራችን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ይህን ደብዳቤ ሰኞ ጀመርኩት፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። በስልክ ልነግርህ እችል ነበር ትል ይሆናል። በስልክ የሚነገርን ነገር ከእንግዲህ አላምንም። ለምን እንደሆነ እያነበብክ ትደርስበታለህ።

የወንድምህን ሞት የሰማሁበትን ቀን ነግሬህ አላውቅም። ለቀብሩ ስትመጣ አልጠየቅኸኝም፤ እኔም ሰው በተሰበሰበበት መናገር አልቻልኩም።

በመስከረም የአጋዘን አደን በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከወንድምህ ከቶርግኒ አጠገብ በከተማው ሆስፒታል ተቀምጬ ሳለሁ «እማ፣ ያንን ቀይ የጫካ ፍሬ ብቀምስ ደስ ይለኛል» አለኝ። ምግብ ከጠላ ሳምንት አልፎት ነበርና ይህን ሲል ደስ ብሎኝ ያንኑ ቀን በአውቶቡስ ተመለስኩ። በማግስቱ በጠዋት ጫካ ወርጄ አንድ ባልዲ ለቀምኩ። ገበታው ላይ ዘርግቼ ቅጠሉን ከፍሬው እየለየሁ ሳለሁ የወንድምህ ሚስት የጉንቮር መኪና ግቢ ገባች።

ጉንቮር ከመኪናዋ ወርዳ ቆመች። በመስኮት አየኋት። እኔም ቅጠሉን መልቀሜን ቀጠልኩ። እሷ በሩን ካልከፈተች፣ እኔም ቀና ካላልኩ፣ ነገሩ ያልሆነ መሰለኝ። እንዲህ ሆነን ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየን እንጃ። በኋላ ገባች፤ ጫማዋንም አላወለቀችም። የወንድምህ ሚስት በሆነችበት በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጫማዋን ሳታወልቅ ቤቴ ገብታ አታውቅም። ጭቃው ወለሉ ላይ ሲታተም እያየሁ ገባኝ። «ዳግኒ፣ ጠዋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ላይ» አለችኝ። እኔም «ፍሬው ገና ከቅጠሉ አልተለየም» አልኳት። እንደዚህ ነው ያልኳት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍርሃት አልለቀቀኝም። ስልኩ ሲጮህ ያስፈራኛል። ሳይጮህ ሲውል ደግሞ ይብስብኛል። መኪና ግቢ ገብቶ ሰውየው ቶሎ ወደ በሩ ካልመጣ ልቤ ይቆማል። ኀዘን እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። አባታችሁ ሲሞት አለቀስኩ፣ ደከምኩ፣ ግን አልፈራሁም። አሁን የምፈራው ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት በመጋቢት ነው። ቶርግኒ በደም ምርመራ የፕሮስቴት፣ ማለትም የወንዶቹ ዕጢ፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ተገኘና ወደ ከተማው ሆስፒታል ላኩት። እዚያም ዕጢውን አሥራ ሁለት ቦታ በመርፌ ወግተው ናሙና ወሰዱ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የድንች ድቡልቡል ቀቅዬ ጠራሁት። መጣ፣ ግን ምድጃው አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ምን ሆነሃል፣ አትቀመጥም?» አልኩት።

«እንደ ጥድ ሰርስረውኛል እኮ! አሥራ ሁለት ጊዜ! እኔ በሠላሳ አምስት ዓመት ሥራ አንድ ዛፍ ከሁለት ጊዜ በላይ ሰርስሬ አላውቅም» አለ። «ዛፎቹ ይህን ቢሰሙ ይስቁብኛል» ብሎ፣ መቀመጥ ስለሚያመው ሳህኑን በእጁ ይዞ ቆሞ በላ።

ወንድምህ ዛፍ የመመርመር ሥራውን እንዴት ይወድ እንደነበር ታውቃለህ። በዚያ ቀጭን መሰርሰሪያው ግንዱን ወግቶ እርሳስ የምታህል እንጨት መዝዞ ሲያወጣ፣ እንደ መጽሐፍ ነበር የሚያነባት። እኔም ትዝ አለኝና «መርፌው ቢስተውስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይስታላ» አለ፣ እየጎረሰ። «የእኔም መሰርሰሪያ ብስባሹን ብዙ ጊዜ ይስተዋል። ግን አጠገቡ ያለው እንጨት ይነግረኛል። ቀለሙ ይለወጣል፣ ሙጫ ይሞላል። ጤነኛ እንጨት ነው፣ ግን ፈርቷል። የፈራ እንጨት ካየሁ ብስባሹ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ አለ ማለት ነው።»

«ሐኪሞቹስ እንደዚያ ያያሉ?» አልኩት።

«እነሱ ከእኔ የበለጠ ተምረዋል፣ እማ። አታስቢ» ብሎ ተጨማሪ ቅቤ ጠየቀኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የምድጃዬን ጭስ ማውጫ ሊጠርግልኝ መጥቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እጁ እስከ ክርኑ ጥላሸት ስለነበር ስልኩን ገበታው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደረግሁለት። ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ። ልጄ፣ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

የደወለችው ወጣት ሐኪም ናት። ከአገራችን ደቡብ ጫፍ እንደመጣች ወዲያው አወቅሁ፤ ቃሉን ገንፎ የጎረሰች ያህል ታላምጠዋለች። «ቶርግኒ፣ ዜናው ጥሩ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ናሙና በአንዱም ካንሰር አላገኘንም» አለችው። ቶርግኒ በጥላሸታም እጁ ጠቀሰኝ። ቀጠለችና «ነገር ግን የደምህ ቁጥር ከፍ ያለ ስለሆነ መርፌው ስቶት ሊሆን ይችላል። በምስል እያየን እንደገና ናሙና ብንወስድ ደስ ይለኛል። ትፈልጋለህ?» ብላ ጠየቀችው።

ወንድምህም አዎ አላት። በእኛ በሰሜን ሰዎች አዎ። ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጋት፣ «እህ» ብሎ። አንተም እንደዚያው ነህ፣ አባታችሁም እንደዚያው ነበር፣ ሚስቱ አድርጎ ያገባኝ እንደሆነ ቄሱ ሲጠይቀው እንኳ እንደዚያው ነው ያለው።

በስልኩ ዝም ተባለ። ቀጥሎ «ሃሎ? ትሰማኛለህ?» አለች።

«እሰማለሁ» አለ።

«እሺ» አለች፣ ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሎ። «ግድ የለም። እንግዲህ እንገናኛለን።»

«እንገናኛለን፣ አመሰግናለሁ» አለና በክርኑ ስልኩን ዘጋ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልነግርህ ነው፤ መጀመሪያ ግን የምታውቀውን ታሪክ ላስታውስህ። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ አንድ ክረምት በደቡብ አገር በሰው ቤት አገልግያለሁ። እመቤቲቱ «ሳህኑን አጥበሻል?» ትለኛለች፣ እኔ ትንፋሼን ወደ ውስጥ እስባለሁ። «አጥበሻል ወይ?» ትላለች፣ እስባለሁ። በሦስተኛው ቀን ይቺ ልጅ ደረቷን ታማለች ብላ ሐኪም አስመጣች! ሐኪሙም ያንን ቀዝቃዛ ብረት ደረቴ ላይ አድርጎ «ተንፍሺ» አለኝ። «ያምሻል?» ሲለኝ አሁንም ሳብኩ። ይህን ታሪክ በየገናው ስነግራችሁ ሆዳችሁን ይዛችሁ ትስቁ ነበር። አንተማ እመቤቲቱን እየመሰልክ ወንድምህን «አጥበሻል ወይ?» ትለው ነበር።

ስለዚህ በዚያን ቀን በስልኩ ውስጥ ዝም ሲባል ምን እንደሆነ ከሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። እንዲያውም ጠይቄዋለሁ። «ሰምታሃለች ብለህ ነው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«አዎ ማለትህን።»

«እማ! ሐኪም እኮ ናት!» ብሎ ስቆ ወደ ጭስ ማውጫው ተመለሰ።

መልሰህ ደውልላት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን «ካንሰር አላገኘንም» የምትለዋ ቃል ቤቴ ውስጥ ገና ሞቃ ነበረች። እሷን ከቤት የማስወጣት ያህል መሰለኝ። ደስ ብሎት እያፏጨ ነበር። አንድ ቀን፣ ቢያንስ ዛሬን ይደሰት አልኩ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ እኔው ራሴ፣ ምናልባት ሰምታው ይሆናል አልኩ።

የሆስፒታሉን የቀጠሮ ደብዳቤ መጠበቅ ጀመረ። ሚያዝያ አለፈ፣ ሰኔ አለፈ። «መጣ?» ስለው «ወረፋ ነው፣ ከእኔ የባሰበት ሰው አለ» ይለኛል። «ደውልላቸዋ!» ስለው «ደውዬ ምን ልበል? ረሳችሁኝ ልበል? ሰው አላስቸግርም» ይላል። ጉንቮር አንድ እሑድ ተናዳ «ለመኪናህ ጎማ በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለህ፣ ለራስህ አንድ ጊዜ መደወል አቃተህ?» አለችው። «ጎማው ይፈነዳላ!» አላት። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

በዚያው ዓመት በረዶው ሲወርድ ወገቡን ያመው ጀመር። ከባድ እንጨት አንስቼ ነው አለ። ቀጥሎ ጎኑን አመመው። በየካቲት ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው ጉንቮር ጭና ወሰደችው። ካንሰሩ ዕጢውን አልፎ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ያን ጊዜ ነው መዝገቡ የተነበበው። ሦስታችን በኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ጉንቮር ወረቀቱን ድምፅ አውጥታ አነበበችው። «ታካሚው እንደገና ናሙና ይወሰድ እንደሆነ ተጠይቆ መልስ አልሰጠም። ሲወስን ራሱ ያገኘናል» ይላል። ጉንቮር «መልስ አልሰጠም? መልስ አልሰጠህም?» እያለች ጮኸች። ቶርግኒ ግን አልጮኸም። ወደኔ ዞሮ «እማ፣ አንቺ ግን ሰምተሽኛል፣ አይደል?» አለኝ።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

እሱም እጄን ያዘኝ። ከዚያች ቀን በኋላ ስለዚያች የደቡብ እመቤት በቤታችን ማንም አንስቶ አያውቅም።

ወጣቷ ሐኪም ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው መጥታ አልጋው አጠገብ አለቀሰች። «የመስመሩ ብልሽት መስሎኝ ነበር፣ የፈራህ መስሎኝ ነበር» አለችው። እሱ ነው ያጽናናት። «አሁንማ ቋንቋችንን ተማርሽ፣ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል» አላት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ብጠላት ይቀለኝ ነበር፣ ግን መጥላት አልቻልኩም።

ቶርግኒ በመጨረሻው ሰሞን ናሙናዎቹ ለጥናት እንዲሆኑ ፈርሞ ነበር። በኅዳር ጉንቮርና እኔ እነዚያን የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ናሙናዎች በዓይናችን ማየት እንደምንፈልግ ጠየቅን። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። ምናልባት ልጄ የቀረበት ቦታ ስለመሰለኝ ይሆናል። የተቀበለችን ሲግብሪት የምትባል ሴት ናት፤ ሥጋን በአጉሊ መነጽር እያየች የምትመረምር ሐኪም። ፀጉሯ እንደኔ ነጭ ነው። ከእኛው ወንዝ ከላይኛው መንደር የመጣች ስለሆነች «ሻይ ትጠጫለሽ?» ስትለኝ ትንፋሼን ሳብኩ፣ ወዲያው ቀዳችልኝ። ያኔ እንባዬ መጣ። ለምን እንዳለቀስኩ አልጠየቀችኝም።

በመነጽሩ ውስጥ እንድመለከት ወንበሩን ዝቅ አደረገችልኝ። ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ያለው ነገር አየሁ፤ የሚያምር ነበር፣ ይህን ብልህ አትቆጣኝ። «ይህ ጤነኛ ሥጋ ነው፣ ዳግኒ። ካንሰር የለበትም። ሐኪሟ ያለችው እውነት ነው» አለችኝ። «አሁን ግን ቧንቧዎቹን ተያቸውና ዙሪያቸውን እይ።»

በዕጢው ቧንቧዎች ዙሪያ እንደ ሹራብ የተሠራ ጡንቻ መኖር ነበረበት አለችኝ። የሌላ ጤነኛ ሰው አሳየችኝ፣ ልዩነቱ ለእኔም ታየኝ። በወንድምህ ጡንቻው ሳስቶ በቦታው ጠባሳ የሚመስል ክር ሞልቶበታል። ቀጫጭን ደም ስሮች በዝተዋል። ሰውነት ለጥበቃ የሚያሰማራቸው ሕዋሳት እዚህም እዚያም ተሰብስበዋል። «ካንሰሩ እዚህ የለም። ይህ ሥጋ ግን ካንሰሩን ሰምቶታል፣ መልስም እየሰጠው ነው። እኛ የምናጠናው ይህን መልስ ነው። መልሱ እንዲህ በርትቶ ሲታይ፣ መርፌው የሳተው ነገር ክፉ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል» አለችኝ።

የፈራ እንጨት አልኩ በልቤ። ቀጥዬ በአፌ አልኩት፤ ወንድምህ ምድጃው አጠገብ ቆሞ የነገረኝን ሁሉ ነገርኳት። ሲግብሪት ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ። «እኔ ይህን ለመማር ሃያ ዓመት ፈጀብኝ፣ እሱ በጫካ ውስጥ ያውቀው ነበር» አለች።

«ያኔ ይህ ቢታይለት ልጄ ይተርፍ ነበር?» አልኳት።

«አላውቅም» አለችኝ። «ይህ ገና ጥናት ነው፣ ሐኪሞች በዚህ ብቻ አይወስኑም። ይተርፍ ነበር ብልሽ ውሸት ነው፣ አይተርፍም ነበር ብልሽም ውሸት ነው።» ይህን ስላለችኝ አመንኳት።

ልንወጣ ስንል «ባልሽ በምን ሞተ?» አለችኝ።

«በወገቡ» አልኳት። ለሰው ሁሉ ያልነው እንደዚያ ነው፣ ለእናንተም ያልነው እንደዚያ ነው። ለእሷ ግን እውነቱን ተናገርኩ። አንተ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለህ አባትህ ሽንት አልወርድ ብሎት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። የሽንት መውረጃውን ዙሪያ ፋቁለት፤ በተፋቀው ውስጥ ትንሽ ካንሰር አገኙ። ጊዜው እንደዛሬ አልነበረም፤ አንነካውም፣ እያየን እንቆይ አሉት። እሱም ለልጆቹ እንዳልናገር አስማለኝ። የወንድነት ነገር ሆኖበት አፈረ። በስምንተኛው ዓመት ወገቡን አመመው፣ የቀረውን ታውቃለህ። ስለዚህ ሐኪሟ ቶርግኒን «ከቤተሰብህ ይህ በሽታ የነበረበት ሰው አለ?» ስትለው «የለም» አላት። አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

የአባትህ ናሙና በሰም ተይዞ እስካሁን በሆስፒታሉ ምድር ቤት አለ፤ ታምናለህ? ሲግብሪት አስወጥታ አየችውና ባለፈው ሳምንት ነገረችኝ። ዙሪያው ከወንድምህ ጋር አንድ ነው። ክሩም፣ ደም ስሩም። «ሌላ ወንድ ልጅ አለሽ?» አለችኝ።

«አለኝ» አልኳት። በአፌ ነው ያልኳት፣ ጮክ ብዬ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት የደወልኩልህ ይህን ልነግርህ ነበር። ስለ ዓሣው ነገርከኝ፣ ስለ ጀልባው ሞተር ነገርከኝ፤ ብዙ አወራህ፣ እንደ ልማድህ አልነበረም። ገና ስለ ሲግብሪት አንድ ቃል ሳልናገር አንተ «እማ፣ ለመሆኑ መርፌው ምንም ካላገኘ፣ እነዚህ ሰዎች ዙሪያውን ያያሉ ወይ?» አልከኝ። ከኋላህ ሚስትህ «አንተ ሰውዬ፣ ቁጭ ብለህ አታወራም?» ስትል ሰማሁ። «ቆሜ ይሻለኛል» አልካት።

ጉንቮርን ጠይቄአታለሁ። እሷም ስለ ዙሪያው ምንም አልነገርኩትም አለችኝ።

እኔ ምንም አልጠየቅሁህም። አሁንም አልጠይቅህም። አምሳ አምስት ዓመትህ ነው፣ የራስህ ቤት አለህ፣ እናትህን እንዳታስፈራ ብለህ የያዝከው ነገር ካለ ለምን እንደያዝከው ይገባኛል፤ እኔም አንድ ቀን ይደሰት ብዬ የያዝኩት ነገር ነበረኝ። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው። ሐኪም በስልክ ቢያነጋግርህ፣ በአካልም ቢያነጋግርህ፣ መልስህን ቃል አድርገህ ተናገር። አባቴ በዚህ ሞተ፣ ወንድሜ በዚህ ሞተ በል፤ አትፈር። ምንም አልተገኘም ቢሉህ አመስግነህ አትውጣ። በምስል እያያችሁ እንደገና ውሰዱ በላቸው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሲግብሪት የጻፈችልኝን ወረቀት አስገብቼልሃለሁ፤ ስልኳ አለበት፣ ናሙናህን ቢልኩላት ታየዋለች። ቀጠሮ ከዘገየ ደውል። በማግስቱም ደውል። አስቸግራቸው፣ ልጄ። ሰው የማያስቸግር ልጅ ነበረኝ፣ ሰው የማያስቸግር ባልም ነበረኝ፤ ሁለቱም አጠገብ ላጠገብ ተቀብረዋል፣ ሦስተኛ ቦታ አለ፤ እሱን ለራሴ ነው ያስያዝኩት። ለሌላ ሰው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ተቆጥተህ ከሆነ ተቆጣኝ። አባትህን ስለሸሸግሁህ፣ ወንድምህን ዝም ስላልኩት ተቆጣኝ። ግን መጀመሪያ ሂድና ቁጣው በኋላ ይሁን። የቁጣ ጊዜ እንዲተርፍህ እፈልጋለሁ፣ ሃያ ዓመት ብትቆጣኝ ደስ ይለኛል።

እግዚአብሔር አጥንትህን ይጠብቅልኝ። ደምህን ይጠብቅልኝ፣ ከደምህም ዙሪያ ያለውን ሁሉ። ለሚስትህ ጉልበት ይስጣት፤ የምትሸከመው ካለ ብቻዋን እንዳትሸከም ንገራት፣ ትደውልልኝ። ለልጆቹ የሠራሁትን የእጅ ሹራብ በሌላ ጥቅል ልኬአለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ቤተ ጸሎት ለሞተ ሰው አይጸለይም፣ ታውቃለህ። ባለፈው እሑድ ሽማግሌውን ጠየቅሁት። «ዳግኒ፣ እሱ አሁን በጌታ እጅ ነው፣ የእኛ ጸሎት አያስፈልገውም» አለኝ። እውነቱን ይሆናል። እኔ ግን ወንድምህ የሚያስፈልገውን አፍ አውጥቶ የማይጠይቅ ሰው እንደነበር ከሽማግሌው ይልቅ አውቃለሁ። እዚያም ቢሆን ተራ አስይዘው ረስተውት እንዳይሆን፣ እሱም ከእኔ የባሰ አለ ብሎ ዳር ላይ እንዳይቆም እፈራለሁ። ስለዚህ አንተም፣ ሚስትህም፣ ልጆቹም፣ ይህ ደብዳቤ በእጁ ገብቶ ያነበበ ሰው ሁሉ፣ ለልጄ ለቶርግኒ ጸልዩለት። ስሙን ጥሩለት። ወደ ውስጥ ያስገቡት ዘንድ ለምኑለት።

የምትወድህ፣ የምትጠብቅህ
እናትህ